ካንዴላ ከተቀየረ በኋላ የሞተር ሳይክል ጉልበት ሲቀንስ፦ የምርመራ ቅደም ተከተልና የባለንብረቱ ጥንቃቄ

መግቢያ

ሞተር ሳይክል ለብዙ ዜጎች የዕለት ገቢ ማግኛ፣ ለሌሎችም ወደ ሥራና ወደ ጤና ተቋም የሚያደርስ ዋነኛ መጓጓዣ ነው። ካንዴላ መቀየር ደግሞ በየጊዜው ከሚደረጉ ቀላል ጥገናዎች አንዱ በመሆኑ አብዛኛው ባለንብረት በራሱ ወይም በአቅራቢያው በሚገኝ መካኒክ ያከናውነዋል። ሆኖም አንዳንድ ጊዜ አዲስ ካንዴላ ከተገጠመ በኋላ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ደህና እየመሰለ፣ ዳገት ሲወጣ ወይም ጭነት ሲይዝ ጉልበት ያጣል፣ ይንተባተባል፣ ፍጥነት አልጨምር ይላል።

እንዲህ ያለ ችግር ሲያጋጥም ብዙ ሰው ወዲያውኑ ካርቡራተር ያስፈታል ወይም ውድ መለዋወጫ ይገዛል። ይህ በአብዛኛው አላስፈላጊ ወጪ ነው። ከጥገናው በፊት በደንብ ይሠራ የነበረ ሞተር ከጥገናው በኋላ ወዲያውኑ ከደከመ፣ ምክንያቱ አስቀድሞ መፈለግ ያለበት በጥገናው ወቅት በተነካው ክፍል ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች ምርመራውን ከቀላሉና ወጪ ከማይጠይቀው በመጀመር በቅደም ተከተል እንዲያከናውኑ፣ እንዲሁም ወደ ጋራዥ መሄድ ያለባቸውን ጊዜ ለይተው እንዲያውቁ ለማገዝ የተዘጋጀ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ማሳሰቢያ፦ አሮጌውን ካንዴላ አይጣሉ። የትኛው ዓይነት ተገጥሞ እንደነበር የሚናገረው፣ ሞተሩ በውስጡ እንዴት ሲሠራ እንደቆየ የሚያሳየው፣ ችግሩ ከአዲሱ ካንዴላ መሆን አለመሆኑን ለመለየት የሚረዳው እርሱ ነው።

1. ጉልበት ማጣቱ ጭነት ላይ የሚታየው ለምንድን ነው?

ካንዴላ በሲሊንደር ውስጥ የታመቀውን የአየርና የቤንዚን ድብልቅ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ያቀጣጥላል። ብልጭታው በሁለት ኤሌክትሮዶች መካከል ያለውን ጠባብ ክፍተት ለመሻገር በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይፈልጋል። አሽከርካሪው ነዳጅ ሲሰጥ ወደ ሲሊንደር የሚገባው ድብልቅ ይበዛል፤ የታመቀው ድብልቅ ግፊት በጨመረ ቁጥርም ብልጭታው ለመሻገር የሚያስፈልገው ቮልት ይጨምራል።

በዚህም ምክንያት በማቀጣጠያው መሥመር ላይ ያለ ትንሽ ድክመት፣ ለምሳሌ የላላ ኮፍያ፣ የተሰነጠቀ ሸክላ ወይም የሰፋ ክፍተት፣ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ላይታወቅ ይችላል። ዳገት ሲጀመር ግን ብልጭታው ክፍተቱን መሻገር ትቶ በሌላ መንገድ ያመልጣል ወይም ጨርሶ ይቋረጣል። ስለዚህ ሞተሩ ቆሞ መሥራቱ ብቻ ጥገናው በትክክል መከናወኑን አያረጋግጥም።

2. ከምርመራው በፊት ሊወሰዱ የሚገባቸው የደኅንነት ጥንቃቄዎች

• ሞተሩ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። የብዙ ሞተር ሳይክሎች ቴስታታ ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው፤ በጋለበት ጊዜ ካንዴላ ከተፈታ የብሎን ጥርሱ ሊላጥ ይችላል።
• ካንዴላው ከመፈታቱ በፊት በዙሪያው ያለውን አቧራና አሸዋ በአየር ወይም በብሩሽ ያጽዱ። ወደ ሲሊንደር የሚገባ አሸዋ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን ይጭራል።
• ሥራው አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ ይከናወን።
• ሞተሩ እየሠራ ሳለ የካንዴላ ገመድ አይንቀሉ። በገመዱ ውስጥ የሚያልፈው ከፍተኛ ቮልት ሰውን ሊጎዳ፣ የማቀጣጠያውን የኤሌክትሮኒክ ክፍልም ሊያቃጥል ይችላል።
• የሙከራ ጉዞ የራስ ቁር በማድረግና ተሽከርካሪ በማይበዛበት መንገድ ላይ ይደረግ።

3. ያለ መፍቻ ሊከናወን የሚችል ምርመራ

3.1 የካንዴላ ኮፍያና ገመድ

ከጥገና በኋላ ለሚታይ የጉልበት መቀነስ በጣም የተለመደውና በቀላሉ የሚስተካከለው ምክንያት በካንዴላው ጫፍ ላይ የሚሰካው ኮፍያ እስከ መጨረሻው አለመግባቱ ነው። ኮፍያውን ቀጥ አድርገው ወደ ታች ሲጫኑት መያዙ በእጅ ሊታወቅ ይገባል። አንዳንድ ካንዴላዎች በጫፋቸው ላይ የምትሽከረከር ትንሽ ፍሬ አላቸው፤ ይህች ፍሬ ኮፍያው የሚፈልጋት ከሆነ መኖሯንና መጥበቋን፣ ኮፍያው በቀጥታ ጥርሱን የሚይዝ ከሆነ ደግሞ መውለቋን ያረጋግጡ።

ኮፍያው ሲነቀል ገመዱ ተስቦ ከሆነ፣ በኮፍያውና በገመዱ መካከል ያለው ግንኙነት ላልቶ ሊሆን ይችላል። የኮፍያው ላስቲክ ከተሰነጠቀ ወይም እርጥበት ከገባው ብልጭታው ወደ ሞተሩ አካል ያመልጣል። ይህን ለማወቅ ሞተሩን በጨለማ ቦታ አስነስቶ ከርቀት መመልከት ይረዳል፤ በኮፍያው ወይም በገመዱ ዙሪያ ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ ወይም ተደጋጋሚ የ«ጣ ጣ» ድምፅ ከተሰማ ክፍሉ መቀየር አለበት።

በአንድ ሲሊንደር ላይ ሁለት ካንዴላ ያላቸው ሞተሮች መኖራቸውንም ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ዲቲኤስ-አይ የሚል ስያሜ ያላቸው የባጃጅ ሞተሮች ለዚህ ምሳሌ ናቸው። በእነዚህ ሞተሮች ላይ የአንዱ ካንዴላ ኮፍያ ሳይሰካ ቢቀር ሞተሩ በሌላኛው ብቻ መሥራቱን ይቀጥላል፤ ጉልበቱ ግን ይቀንሳል፣ የነዳጅ ፍጆታውም ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ ሁለቱም መሰካታቸው ይረጋገጥ። ከአንድ በላይ ሲሊንደር ባላቸው ሞተር ሳይክሎች ላይ ደግሞ ገመዶቹ ቦታ አለመለዋወጣቸው ይታይ።

3.2 በጥገናው ወቅት የተነኩ ሌሎች ክፍሎች

በአንዳንድ ሞተር ሳይክሎች ላይ ወደ ካንዴላው ለመድረስ የነዳጅ ታንክ፣ የጎን ሽፋን ወይም የአየር ማጣሪያ ሳጥን ይነሣል። እነዚህ ሲመለሱ የሚከተሉት ስሕተቶች ሊፈጠሩ ይችላሉ።

• የነዳጅ መክፈቻው በከፊል ተዘግቶ መቅረት፣ ወይም የነዳጅ ቱቦው ታጥፎ መቆልመም፤
• የታንኩ አየር ማስገቢያ መዘጋት፦ ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ በደንብ ሠርቶ ከዚያ እየደከመ ከሄደና የታንኩ ክዳን ሲከፈት መልሶ ጉልበት ካገኘ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል፤
• በካርቡራተሩና በቴስታታው መካከል ያለው መገናኛ ወይም አነስተኛ የአየር ቱቦ መውለቅ፦ በዚህ በኩል የሚገባ ትርፍ አየር ሞተሩ ከሚገባው በላይ እንዲግል ያደርጋል፤
• የአየር ማጣሪያው ተጣሞ መግባት ወይም መጥረጊያ ጨርቅ በሳጥኑ ውስጥ መረሳት፤
• የነዳጅ መስጫው ሽቦ በታንኩ ሥር መያዝ፦ የእጅ መያዣው እስከ መጨረሻ ሲዞር ካርቡራተሩ ሙሉ በሙሉ ላይከፈት ይችላል፤
• በኢንጀክሽን በሚሠሩ ሞተሮች ላይ የኤሌክትሪክ ሶኬት ሳይሰካ መቅረት።

4. ካንዴላውን ፈትቶ የሚደረግ ምርመራ

4.1 ዓይነቱ ከሞተሩ ጋር መስማማቱ

አዲሱንና አሮጌውን ካንዴላ ጎን ለጎን አድርገው ያነጻጽሩ፤ በመቀጠልም በላያቸው የተጻፈውን ፊደልና ቁጥር በባለቤት መመሪያው ላይ ካለው ጋር ያስተያዩ። ቀድሞ የነበረውም ስሕተት ሊሆን ስለሚችል የመጨረሻው ማረጋገጫ መመሪያው ነው።

በኤንጂኬ ካንዴላዎች ላይ ያለውን ጽሑፍ ለአብነት እንመልከት። «ሲ7ኤችኤስኤ» በሚለው መለያ ውስጥ «ሲ» የጥርሱ ውፍረት 10 ሚሊ ሜትር መሆኑን፣ «7» የሙቀት ደረጃውን፣ «ኤች» የጥርሱ ርዝመት 12.7 ሚሊ ሜትር መሆኑን ያመለክታሉ። በ«ኤች» ቦታ «ኢ» ካለ የጥርሱ ርዝመት 19 ሚሊ ሜትር ነው። ከቁጥሩ በፊት «አር» መጨመሩ በውስጡ የሬዲዮና የኤሌክትሮኒክ ረብሻ የሚቀንስ ተቃዋሚ እንዳለው ይገልጻል።

ከእነዚህ ልዩነቶች እጅግ አደገኛው የጥርስ ርዝመት ነው። ከሚገባው በላይ የረዘመ ካንዴላ ወደ ማቃጠያው ክፍል ዘልቆ በመግባት ፒስተኑን ወይም ቫልቩን ሊመታ ይችላል። ያጠረ ካንዴላ ደግሞ ብልጭታውን በቀዳዳው ውስጥ ስለሚደብቀው ድብልቁ በአግባቡ አይቃጠልም፤ ባዶ በቀረው ጥርስ ላይም ካርቦን ይጋገራል። ካንዴላው በቀዳዳው ስለገባ ብቻ ትክክለኛ ነው ማለት አይቻልም።

የሙቀት ደረጃም ችላ ሊባል አይገባም። የካንዴላው ጫፍ ጥላሸቱን ራሱ አቃጥሎ ለማጽዳት ከ450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ መሞቅ ይኖርበታል፤ ከ850 ዲግሪ ገደማ ካለፈ ግን ድብልቁ ከብልጭታው በፊት በራሱ ይቀጣጠላል። ሙቀትን ፈጥኖ የሚያስተላልፍ ካንዴላ «ቀዝቃዛ»፣ አዘግይቶ የሚያስተላልፍ ደግሞ «ሙቅ» ይባላል። ለሞተሩ ከሚገባው በላይ ቀዝቃዛ የሆነ ካንዴላ በጥላሸት ይሸፈንና ብልጭታው ይዳከማል። ከሚገባው በላይ ሙቅ የሆነው ፒስተን እስከ መብሳት ሊያደርስ ይችላል። በኤንጂኬና በዴንሶ ምርቶች ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው እየቀዘቀዘ ይሄዳል፤ በቦሽ ምርቶች ላይ ግን ተቃራኒው ነው። ስለዚህ የአንዱን ፋብሪካ ቁጥር በሌላው ፋብሪካ ተመሳሳይ ቁጥር መተካት ስሕተት ነው፤ የማመሳከሪያ ሠንጠረዥ መጠቀም ያስፈልጋል።

4.2 የኤሌክትሮዶቹ ክፍተት

አዲስ ካንዴላ ሁልጊዜ ተስተካክሎ አይመጣም፤ ወድቆም ሊሆን ይችላል። ለብዙ አነስተኛ ሞተር ሳይክሎች የሚታዘዘው ክፍተት ከ0.6 እስከ 0.9 ሚሊ ሜትር ባለው መጠን ውስጥ ይገኛል፤ ትክክለኛው ልክ ግን በመመሪያው ላይ የተጻፈው ነው። ክፍተቱ ሲሰፋ ሞተሩ በጭነት ላይ ይንተባተባል፤ ሲጠብ ደግሞ የሚፈጠረው ነበልባል ደካማ ስለሚሆን ሚኒሞው ይረበሻል። መለካት የሚገባው በክፍተት መለኪያ ቀጭን ብረት ነው። ማስተካከል ካስፈለገ የጎኑ ኤሌክትሮድ ብቻ በቀስታ ይታጠፍ፤ የመሐሉን ኤሌክትሮድና በዙሪያው ያለውን ሸክላ መጫን ሸክላውን ይሰነጥቀዋል። መርፌ የቀጠኑ የኢሪዲየም ኤሌክትሮዶች በቀላሉ ስለሚሰበሩ ማስተካከሉን ለባለሙያ መተው ይመከራል።

4.3 የጥብቀቱ መጠን

የላላ ካንዴላ የታመቀውን ድብልቅ በጎኑ ያስወጣል፤ ሙቀቱንም ወደ ቴስታታው ማስተላለፍ ስለማይችል ከመጠን በላይ ይግላል። ምልክቱ በካንዴላው ሥር የሚሰማ የትንፋሽ ድምፅና ጥቁር የዘይት ጭረት ነው። ከመጠን በላይ የጠበቀ ካንዴላ ደግሞ የቴስታታውን ጥርስ ይልጣል፤ ይህ ጉዳት ከካንዴላው ዋጋ እጅግ የሚበልጥ የቶርኖ ሥራ ያስከትላል።

ትክክለኛው አገጣጠም የሚከተለው ነው። ካንዴላው መጀመሪያ ያለ መፍቻ በእጅ ብቻ እስከ መጨረሻው ይገባል። ገና በመጀመሪያው ዙር ከጠነከረ ጥርሱ ተዛንፎ ስለገባ ሳይገፉ መልሶ ማውጣት ያስፈልጋል። በእጅ ከተቀመጠ በኋላ፣ ሮንዴላው አዲስ ከሆነ በመፍቻ ግማሽ ዙር ያህል ይጠብቃል፤ ሮንዴላው ቀድሞ የተጨፈለቀ ከሆነ ከ1/12 እስከ 1/8 ዙር ይበቃዋል። በኃይል መለኪያ መፍቻ ለሚሠሩ፣ በአሉሚኒየም ቴስታታ ላይ ለ10 ሚሊ ሜትር ጥርስ ከ10 እስከ 12፣ ለ12 ሚሊ ሜትር ከ15 እስከ 20፣ ለ14 ሚሊ ሜትር ከ25 እስከ 30 ኒውተን ሜትር የተለመደ መጠን ነው። መመሪያው የተለየ መጠን ካዘዘ እርሱ ይቀደማል። ጥርሱ ላይ ዘይት ወይም ግራሶ መቀባት ካንዴላው ሳይታወቅ ከልክ በላይ እንዲጠብቅ ስለሚያደርግ አይመከርም።

4.4 የአዲሱ ካንዴላ ጥራት

በመፍቻ ጎን ተመትቶ የተሰነጠቀ ሸክላ በዓይን ላይታይ ይችላል፤ ጥፍር በላዩ ሲያልፍ ግን ስንጥቁ ይሰማል። ከዚህም ሌላ በታወቁ ስሞች ተመስለው የሚሸጡ ካንዴላዎች ገበያ ላይ ይገኛሉ። የመሐሉ ኤሌክትሮድ ወደ ጎን ማዘንበል፣ የጽሑፉ መዛባት ወይም በጣት መጥፋት፣ የጥርሱ ሸካራነት፣ እንዲሁም ሮንዴላው በቀላሉ ተንሸራቶ መውለቁ ጥርጣሬ ሊያሳድሩ የሚገባቸው ምልክቶች ናቸው።

4.5 አሮጌውን መልሶ ገጥሞ መፈተሽ

እስካሁን የተዘረዘሩት ሁሉ ደህና ሆነው ችግሩ ከቀጠለ፣ አሮጌው ካንዴላ ያልተሰበረና ዓይነቱ ትክክለኛ ከሆነ አጽድተውና ክፍተቱን አስተካክለው መልሰው ይግጠሙት። በዚያው ዳገትና በዚያው ጭነት ይሞክሩ። ጉልበቱ ከተመለሰ ችግሩ በአዲሱ ካንዴላ ላይ ነው። ካልተመለሰ ግን ካንዴላው ንጹሕ ነው፤ ምርመራው ወደ ገመዱ፣ ወደ ኮይሉ፣ ወደ አየርና ነዳጅ መሥመሩ መሻገር አለበት። ይህ ሙከራ ምንም ወጪ አይጠይቅም፤ ያላግባብ ካርቡራተር ከማስፈታትም ያድናል።

5. የካንዴላውን ቀለም ማንበብ

ካንዴላው ከተገጠመ በኋላ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ከተነዳ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲፈታ የጫፉ መልክ የሚከተለውን ያመለክታል።

• ፈዛዛ ቡናማ ወይም ግራጫ፦ ቃጠሎው ትክክለኛ ነው።
• ደረቅ ጥቁር ጥላሸት፦ ነዳጅ በዝቷል፣ የአየር ማጣሪያው ተዘግቷል፣ ወይም ካንዴላው ከሚገባው በላይ ቀዝቃዛ ነው።
• በቤንዚን የራሰ፦ ብልጭታው ይቋረጣል ወይም የለም።
• በዘይት የራሰ ጥቁር፦ የፒስተን ፋሻ ወይም የቫልቭ ጎሚኒ ማለቁን ያሳያል፤ ካንዴላ መቀየር ብቻውን መፍትሔ አይሆንም።
• የነጣና ያበጠ ወይም የቀለጠ፦ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል፤ ምክንያቱ ትርፍ አየር፣ የነዳጅ ማነስ ወይም ከሚገባው በላይ ሙቅ የሆነ ካንዴላ ሊሆን ይችላል።

በከፍተኛ ቦታዎች የሚያሽከረክሩ ዜጎች አንድ ተጨማሪ ነገር ሊያገናዝቡ ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በመሆኑም ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር በዚህ ከፍታ ላይ ነዳጅ ያበዛል፤ ካንዴላውም ይጠቁራል። ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የመጣ ሞተር ሳይክል ካንዴላው በትክክል ቢቀየርም ጉልበቱ ቀንሶ ሊታይ ይችላል። ይህ የካንዴላው ጥፋት አይደለም፤ የካርቡራተር ማስተካከያ የሚጠይቅ ነው።

6. ችግሩ ከማቀጣጠያው ውጭ ሲሆን

አንዳንድ ጊዜ ጉልበት ማጣቱ ከካንዴላው መቀየር ጋር የተገጣጠመው በአጋጣሚ ብቻ ይሆናል። የሞተሩ ድምፅ እየጨመረ የሞተር ሳይክሉ ፍጥነት የማይጨምር ከሆነ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ሞተሩ ጠፍቶ በዜሮ ማርሽ ሲገፋ ከባድ ከሆነ ፍሬን ይዞ ወይም ሰንሰለቱ ከመጠን በላይ ጠብቆ ሊሆን ይችላል። ጉልበቱ በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ የቀነሰ ከሆነ የቫልቭ ክፍተት፣ የማርሚታ መዘጋት ወይም የሲሊንደር እመቃ ማነስ ሊመረመር ይገባል።

7. ማሽከርከር ወዲያውኑ የሚቆምባቸው ምልክቶች

አዲስ ካንዴላ ከተገጠመ በኋላ ከሞተሩ ውስጥ የብረት መንኳኳት ድምፅ ከተሰማ፣ ካንዴላው በግፊት ወደ ውጭ ከወጣ ወይም ሞተሩ ባልተለመደ ሁኔታ ከጋለ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ተሽከርካሪውን በሌላ መጓጓዣ ወደ ጋራዥ መውሰድ ያስፈልጋል። የቤንዚን ሽታ ወይም ፍሳሽ ካለም ሞተሩ አይነሣ። ጉልበቱ በየጊዜው የሚቋረጥ ሞተር ሳይክል ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ተሳፋሪ ወይም ጭነት ሊይዝ፣ ዳገት ላይም የጭነት መኪና ለመቅደም ሊሞክር አይገባም፤ በመቅደም መሐል የሚጠፋ ጉልበት ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

8. መለዋወጫ ሲገዙና ወደ ጋራዥ ሲሄዱ

• የሞተር ሳይክሉን ሞዴልና በመመሪያው ላይ የተጻፈውን የካንዴላ መለያ ጽፈው ይያዙ።
• ለመለዋወጫውም ሆነ ለጥገናው ደረሰኝ ይጠይቁ፤ ደረሰኝ የሌለው ግዢ በኋላ ቅሬታ ለማቅረብ ያስቸግራል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል።
• የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ እንዲመልሱልዎ አስቀድመው ይንገሩ።
• ለመካኒኩ «ጉልበት የለውም» ከማለት ይልቅ ችግሩ መቼ እንደጀመረ፣ በየትኛው ማርሽና በምን ዓይነት መንገድ እንደሚታይ፣ ሲሞቅ ወይም ሲቀዘቅዝ እንደሚብስ፣ እስካሁንም ምን ምን እንደመረመሩ ይግለጹ።
• ሞተር ሳይክሉን ከመረከብዎ በፊት ከመካኒኩ ጋር የሙከራ ጉዞ ያድርጉ፤ ሙከራው ዳገትን የሚያካትት ይሁን።

ማጠቃለያ

ካንዴላ ከተቀየረ በኋላ ለሚታይ የጉልበት መቀነስ መፍትሔው በአብዛኛው ቅርብ ነው። መጀመሪያ ኮፍያውና ገመዱ፣ ቀጥሎ በጥገናው ወቅት የተነኩ ክፍሎች፣ ከዚያም የካንዴላው ዓይነት፣ ክፍተት፣ ጥብቀትና ጥራት በቅደም ተከተል ይታዩ። በመጨረሻም አሮጌው ካንዴላ ተመልሶ ይሞከር። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየርና ውጤቱን ማየት የችግሩን ምንጭ በእርግጠኝነት ለማወቅ ያስችላል። ብዙ ነገር በአንድ ላይ የለወጠ ሰው ግን ሞተሩ ቢስተካከልለት እንኳ የትኛው እንዳዳነው ሳያውቅ ይቀራል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ችግሩ ካልተፈታ ጊዜ ሳይወስዱ ወደ ሕጋዊ የጥገና ድርጅት መሄድ፣ የተከናወነውንም ምርመራ በጽሑፍ ማቅረብ ይመከራል።